ወደ ቤት ማን ይወስድሃል?

ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው እትማችሁ ስለ ትራንስጀንደር ሰዎች (ማለትም ሲወለዱ የተመዘገበላቸው ጾታና ማንነታቸው የማይገጥም ሰዎች) የወጣውን ደብዳቤ ካነበብኩ በኋላ ልመልስ ወይስ ልተወው እያልኩ ሁለት ቀን ስሟገት ቆየሁና በመጨረሻ ዛሬ ከሺፍት ገብቼ ልብሴን እንኳን ሳልቀይር ቁጭ ብዬ መጻፍ ጀመርኩ። ጸሐፊው ያሉት ባጭሩ እነዚህ ሰዎች የአእምሮ ህመምተኞች ናቸው፣ አካላቸውን ከማንነታቸው ጋር የሚያገጥመው ቀዶ ጥገና ደሞ ህመማቸውን ያባብሰዋል እንጂ አያድናቸውም ነው። ከነሱ አንዱን እንኳን ቁጭ ብለው አናግረው ያውቁ እንደሆነ ግን አልጻፉም። እኔ አናግሬያለሁ፣ ስራዬ ነው። እዚህ ሜሪላንድ ውስጥ ነርስ ነኝ፣ ከ2019 ጀምሮ (አመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቀዶ ጥገና የሚጠብቁ ሰዎችን ቀጠሮ ነው የማስተባብረው፣ ማለትም ወረቀታቸውን አሟላለሁ፣ ከኢንሹራንስ ጋር እከራከራለሁ፣ ቀኑ ሲደርስ ደውዬ አዘጋጃቸዋለሁ፣ ቀኑ ሲሰረዝም ደውዬ የምነግራቸው እኔው ነኝ። ከምደውልላቸው ውስጥ ብዙዎቹ ትራንስጀንደር ናቸው፣ ሁሉም አዋቂዎች ናቸው፣ ስለ ህጻናት የሚነሳውን ክርክር እዚህ አላነሳም ምክንያቱም የኔ ስራ ስላልሆነ።

የታካሚ ሚስጥር መጠበቅ ግዴታዬ ስለሆነ ከዚህ በታች የምነግራችሁ ሰዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ እድሜና አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ፣ አንደኛው ታሪኩን ለሀበሻ እንድጽፈው ራሱ ፈቅዶልኛል፣ እንዲያውም "ጻፊው" ብሎኛል።

መጀመሪያ "እብደት ነው" የሚለውን ላንሳ። የአለም ጤና ድርጅት በ2019 ያጸደቀውና ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ስራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ዝርዝር ይሄንን ነገር ከአእምሮ ህመሞች ምዕራፍ አውጥቶ የወሲብ ጤናን የሚመለከት ምዕራፍ ውስጥ አስገብቶታል። የአሜሪካ ሳይካትሪስቶችም በ2013 ባወጡት መመሪያ ስሙን ቀይረውታል፣ ከዛ በፊት የማንነት መታወክ ይሉት ነበር፣ አሁን ግን የሚታከመው ሰውየው ማንነቱና አካሉ ባለመግጠማቸው የሚሰማው ስቃይ ነው ማንነቱ ራሱ አይደለም። ይሄ የቃላት ጨዋታ ሊመስል ይችላል ግን አይደለም። አንድ ሰው እግሩ ተሰብሮ ህመም ላይ ነው ማለትና ሰውየው ራሱ ብልሽት ነው ማለት አንድ አይደሉም።

ይሄን ስል ግን እነዚህ ሰዎች አይጨነቁም፣ ድብርት የለባቸውም ማለቴ አይደለም፣ አለባቸው፣ በጣም አለባቸው። በ2015 አሜሪካ ውስጥ 27,715 ትራንስጀንደር ሰዎች የመለሱት ትልቅ ሰርቬይ ተደርጎ ነበር። ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ላይ የነበሩት 39 ፐርሰንት ናቸው፣ በጠቅላላው የአሜሪካ ህዝብ ግን 5 ፐርሰንት ነው። በህይወታቸው ራሳቸውን ለማጥፋት የሞከሩት 40 ፐርሰንት፣ በጠቅላላው ህዝብ 4.6 ፐርሰንት። ይሄን ቁጥር ብዙ ሰው "አያችሁ፣ በሽተኞች ናቸው" ለማለት ይጠቀምበታል። እዛው ሰርቬይ ውስጥ ግን ሌላ ቁጥር አለ፣ እሱን ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም። ቤተሰቤ ከጎኔ ነው ያሉትና ቤተሰቤ ፊቱን አዙሮብኛል ያሉት ለየብቻ ሲቆጠሩ ከባድ ጭንቀት ላይ ያሉት 31 ለ50 ፐርሰንት ነው፣ ራስን ለማጥፋት መሞከር ደሞ 37 ለ54። ሁለቱም ወገን ትራንስጀንደር ነው፣ ግን አንዱ ሲደውል ስልክ የሚያነሳለት ቤተሰብ አለው ሌላው የለውም።

እኔ የምጽፈው ግን በተለይ ስለሚጠብቁት ነው ምክንያቱም በየቀኑ የማያቸው እነሱን ነው። ትራንስጀንደር የሆነ ሁሉ ቀዶ ጥገና ይፈልጋል ማለት አይደለም፣ ብዙው በሆርሞን ወይም ያለምንም ህክምና ይኖራል። የሚፈልጉት ግን ከወሰኑበት ቀን እስከ ቀዶ ጥገናው ቀን ድረስ ያለውን መንገድ ብታዩት ልባችሁ ይደክማል። ከቴራፒስት ደብዳቤ ያስፈልጋል፣ ለአንዳንዱ አይነት አንድ ደብዳቤ ይበቃል፣ አንዳንድ ኢንሹራንስ ደሞ ሁለት ይጠይቃል፣ ደብዳቤው ከአመት በላይ ከሆነው "አርጅቷል" ተብሎ ይመለሳልና ሰውየው እንደገና ቴራፒስት ፍለጋ ይገባል፣ ያረጀው እኮ ወረፋ ሲጠብቅ ነው። ሆርሞን ወራት መውሰድ አለ፣ ሲጋራ የሚያጨስ ማቆም አለበት። ከወንድ ወደ ሴት ለሆኑት ለታችኛው (የብልት) ቀዶ ጥገና የቦታውን ጸጉር ከስሩ አንድ በአንድ በኤሌክትሪክ ማቃጠል አለ፣ ኤሌክትሮሊሲስ ይሉታል፣ እሱ ብቻውን ወራት ይፈጃል፣ ያማል። ከዛ ኢንሹራንሱ "አልፈቀድኩም" ይላል፣ ይግባኝ እንጽፋለን፣ ይፈቀዳል፣ በመሀል ሰውየው ከስራ ይቀነስና ኢንሹራንሱ ይቀየራል፣ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። ሜሪላንድ ላይ በ2023 ገቨርነር ዌስ ሙር የፈረሙት ህግ ከ2024 ጃንዋሪ ጀምሮ ሜዲኬይድ (ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የመንግስት ኢንሹራንስ) የሚሸፍነውን በጣም አስፍቶታል፣ እግዚአብሔር ይስጣቸው፣ ግን ከፋዩ ተገኘ ማለት ሰርጀኑ ተገኘ ማለት አይደለም፣ ይሄን የሚሰሩ ሀኪሞች ጥቂት ናቸው ወረፋው ደሞ ረጅም ነው።

ለንደን ያለ ዘመድ ያላችሁ ደሞ የእንግሊዝን ታውቁት ይሆናል፣ እዛ በደንቡ ህክምና በ18 ሳምንት ውስጥ መጀመር አለበት ይባላል፣ የጾታ ማንነት ክሊኒክ ግን ለመጀመሪያ ቀጠሮ ብቻ አመታት ያስጠብቃል። ሰዎች ይሄን ይዘው ፍርድ ቤት ሄደው ነበር፣ በ2023 ተረቱ። ቀዶ ጥገናው ገና አልተነሳም፣ የመጀመሪያው ቀጠሮ ነው እንግዲህ።

እና ይሄ ሁሉ ጥበቃ ሰው ላይ ምን ያደርጋል? በ2021 ሁለት ተመራማሪዎች ጃማ ሰርጀሪ በሚባል የህክምና መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት አለ፣ የዛኑ የ2015 ሰርቬይ ዳታ ወስደው ቀዶ ጥገና ፈልገው ካገኙ ቢያንስ ሁለት አመት የሆናቸውን 3,559 ሰዎች፣ ፈልገው ገና ምንም ካላገኙ 16,401 ሰዎች ጋር አወዳደሩ። ያገኙት ላይ ከባድ ጭንቀት የመኖሩ እድል በ42 ፐርሰንት ያነሰ ነበር፣ ባለፈው አመት ራስን የማጥፋት ሀሳብ ደሞ በ44 ፐርሰንት። ጥናቱ ደስ ያለኝ ማወዳደሪያው ትክክለኛ ስለሆነ ነው፣ የሚፈልግን ከማይፈልግ ጋር ሳይሆን ያገኘን ከሚጠብቅ ጋር ነው ያስተያየው።

እውነቱን ለመናገር ደሞ ሁሉም ጥናት እንዲህ ግልጽ አይደለም፣ ለጸሐፊው ይሄን አልደብቅም። በ2019 ስዊድን ውስጥ 2,679 ሰዎችን ያየ ጥናት ቀዶ ጥገናው የአእምሮ ህክምና ፍላጎትን ይቀንሳል ብሎ ብዙ ተወራለት፣ ከዛ ሌሎች ምሁራን አካሄዱን ጠየቁና በ2020 መጽሔቱ እርማት አወጣ፣ ያ መደምደሚያ ከዳታው አይወጣም አለ። የአሜሪካውም ቢሆን ሰዎችን በአንድ ጊዜ የጠየቀ እንጂ አመታት የተከተለ አይደለም፣ ገንዘብና ዘመድ ያለው ቀድሞ ቀዶ ጥገናውን ያገኛል፣ ገንዘብና ዘመድ ያለው ደሞ መጀመሪያውኑ ጭንቀቱ ይቀላል፣ ተመራማሪዎቹ ያንን ለማስተካከል ሞክረዋል ግን ሙሉ በሙሉ አይቻልም። እና እኔ "ቀዶ ጥገና ሁሉን ይፈውሳል" ብዬ አልጽፍም፣ አይፈውስም። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ሰውየው የሚመለሰው እዛው ቤቱ ነው፣ እናቱ ስልኩን የማታነሳ ከሆነ ያኔም አታነሳም። ይጸጸታሉ የሚባለው ግን፣ ሆላንድ ውስጥ ከ1972 እስከ 2015 የታከሙ 6,793 ሰዎች ታይተው ቀዶ ጥገና ካደረጉት ውስጥ የተጸጸተው ከመቶ አንድ ሰው አይሞላም።

ከዚህ ከኛ ሰፈር አንድ ሰዓት የማይሞላ መንገድ ላይ ያለው የባልቲሞሩ ጆንስ ሆፕኪንስ የዚህ ሁሉ ክርክር መነሻ ነው። በ1966 ለዚህ ህክምና ክሊኒክ ከፈቱ፣ በአሜሪካ ፈር ቀዳጅ ነበሩ። በ1979 ዘጉት። ለመዝጋት ምክንያት የሆነው ጥናት 50 ሰዎችን ነበር ያየው፣ 15ቱ ቀዶ ጥገና ያደረጉ፣ 35ቱ ያላደረጉ፣ እናም ያደረጉት ካላደረጉት የተሻለ ኑሮ የላቸውም አለ። እንዴት ለኩት ብትሉ፣ ምን አይነት ስራ አለው፣ ታስሯል ወይ፣ ከማን ጋር ይኖራል፣ አግብቷል ወይ እያሉ ነጥብ በመስጠት ነው። "ጾታህ የሚፈቅደውን" ሰው ካገባህ ነጥብ ይጨመርልሃል፣ ካልሆነ ይቀነስብሃል። ጥናቱ ራሱ ሰዎቹ በቀዶ ጥገናው መርካታቸውን ጽፏል፣ ግን እርካታቸው አልተቆጠረም። ይሄን ሳነብ ያሰብኩት በ1970ዎቹ ባልቲሞር ውስጥ አንዲት ትራንስጀንደር ሴት ምን አይነት ስራ ታገኝ ነበር፣ ፖሊስስ በምን ሰበብ ያስራት ነበር የሚለውን ነው፣ የአለምን ክፋት ለክተው የሷ ውጤት ነው አሉ። ሆፕኪንስ እንደገና የከፈተው በ2017 ነው፣ 38 አመት ሙሉ ማለት ነው።

አሁን ወደ ራሴ ስራ ልመለስ። በ2020 ማርች ላይ ኮቪድ ሲገባ "ኤሌክቲቭ" የተባለ ቀዶ ጥገና ሁሉ ቆመ። ኤሌክቲቭ ማለት በህክምና ቋንቋ ቀን ተቆርጦለት የሚሰራ ማለት ነው እንጂ ቢቀርም የሚቀር ማለት አይደለም፣ የካንሰር ቀዶ ጥገና ራሱ ኤሌክቲቭ ሊሆን ይችላል። ታካሚ ግን ቃሉን የሚሰማው "አማራጭ፣ ቅንጦት" ተብሎ ነው። በዛ ሳምንት እኔ ነበርኩ የምደውለው። አንዷ ዝም አለችና ቆይታ "እሺ፣ ሌላ ቀን መች ይሆናል?" አለችኝ፣ አላውቅም አልኳት፣ "አላውቅም ከማለት ከአመት በኋላ ብትይኝ ይሻለኝ ነበር" አለች። ያን ቃል አልረሳውም። ከዛ ወዲህ በደንብ የተረዳሁት ነገር ቢኖር ሩቅም ቢሆን ቀን የተሰጠው ሰውና ምንም ቀን የሌለው ሰው እኩል እንደማይሰቃዩ ነው። ቀን ያለው ይቆጥራል፣ የሌለው ምን ይቁጠር?

የሚጠብቁትም ሁሉ አንድ አይነት አይደሉም፣ ይሄን ነው ሰው የማይረዳው። አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ነበረችኝ፣ 58 አመቷ፣ አውቶቡስ ሾፌር የነበረች፣ ለታችኛው ቀዶ ጥገና 19 ወር ጠብቃለች፣ ኤሌክትሮሊሲሱን ጨምሮ። እህቷ ፍሪጅ ላይ ካሌንደር ለጥፋ በየማታው አንድ ቀን በቀይ እስኪርቢቶ ትሰርዝላት ነበር፣ የቸርቿ ሴቶች ተራ ገብተው ወደ ኤሌክትሮሊሲስ ይወስዷታል፣ አሟት ስትወጣ መኪና ውስጥ በረዶ ይዘው ይጠብቃሉ። ታዝናለች፣ ትናደዳለች፣ ሁለቴ ሲተላለፍባት አልቅሳለች፣ ግን አልወደቀችም። እኔ ስደውል ሁሌ ከጀርባ የሰው ድምጽ እሰማለሁ።

ሌላኛው የኛ ልጅ ነው። ሀበሻ ነው፣ በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ በዲቪ ከቤተሰቡ ጋር በልጅነቱ የመጣ፣ ሲወለድ ሴት ተብሎ የተመዘገበ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ሬስቶራንት ውስጥ የሚሰራ። የሚጠብቀው የደረት ቀዶ ጥገና ነው፣ ከሌላው ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፣ ወደ ዘጠኝ ወር አካባቢ ነው የጠበቀው። በወራት ብትቆጥሩት ከሴትየዋ ግማሹን እንኳን አይሞላም። ግን እሱ ነበር የተጎዳው። ደረቱን ለማሳነስ ባይንደር የሚባል ጠባብ ልብስ ይለብሳል፣ ብዙ ሰዓት ሲለበስ ጎንና ጀርባ ያማል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል፣ አስራ ሁለት ሰዓት ቆሞ ትሪ ተሸክሞ ይውልበታል። ከቤት ከወጣ ሁለት አመት ሆኖታል፣ አባቱ አያናግረውም፣ እናቱ በድብቅ አልፎ አልፎ ትደውላለች፣ ስትደውልም በድሮ ስሙ ነው። ስደውልለት ከጀርባው ምንም ድምጽ የለም።

ቀኑ ደረሰ። ከቀዶ ጥገናው አስር ቀን በፊት የምንጠይቀው ዝርዝር አለ፣ መድኃኒት፣ አለርጂ፣ ጾም፣ እነዚህን ጨረስንና የመጨረሻውን ጠየቅኩት፣ "ወደ ቤት ማን ይወስድሃል?" አልኩት። በአማርኛ ነበር የምናወራው። ዝም አለ። "ኡበር እይዛለሁ" አለኝ። ኡበር አይቻልም፣ ማደንዘዣ የወሰደን ሰው ብቻውን አንለቅም፣ አዋቂ ሰው መጥቶ መውሰድ አለበት፣ የመጀመሪያዋንም ሌሊት አብሮት የሚያድር ሰው ያስፈልጋል፣ ይሄ ለጉልበትም ለሀሞት ጠጠርም ለሁሉም ያው ህግ ነው። "የምታውቀው ሰው የለም?" አልኩት፣ "የማውቀውማ ሀበሻ ነው" አለኝ።

እስቲ አስቡት። ዋሽንግተንና አካባቢዋ ታክሲ፣ ሊሞ፣ ኡበር የሚነዳው ስንቱ የኛ ሰው ነው፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ዳላስ ኤርፖርት ሰው ለመቀበል የማያውቀው ሰው ዘመድ ዘመድ ብሎ የሚሄድ ህዝብ ነው ያለን። ይሄ ልጅ ሶስት ሰው ጠየቀ። አንዱ "ለምን አይነት ኦፕሬሽን ነው?" ብሎ ሲነግረው ስልኩን ዘጋው። አንዷ "ጸበል ልውሰድህ እንጂ እዛስ አልወስድህም" አለችው። ሶስተኛው እሺ ብሎ ከሁለት ቀን በኋላ ሚስቱ ሰምታ እንዳይሆን አደረገችው። ቀኑን ሰረዝነው። እኔ ነኝ የሰረዝኩት፣ በእጄ። ልወስደው እችል ነበር ወይ ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል፣ ሰራተኛ ታካሚን በግል መኪና መውሰድ አይፈቀድልንም፣ የዛን ቀን ማታ ግን ቤቴ ገብቼ ለባሌ ስነግረው እሱም ምንም መናገር አቃተው።

ቀጣዩ ቀን የተገኘው ከአስራ አንድ ሳምንት በኋላ ነው። በነዚያ ሳምንታት ልጁ ስራ መሄድ ተወ፣ መብላት ተወ፣ ራሱን ስለማጥፋት ማሰብ መጀመሩን ለቴራፒስቱ ነገራትና ለተወሰኑ ቀናት ሆስፒታል ተኛ። ደብዳቤው ላይ የጻፉት ሰው ይሄን ቢያዩ "ያው እንዳልኩት የአእምሮ ህመምተኛ ነው" ይሉ ነበር። እኔ ግን ከዛ በፊትም አውቀዋለሁ፣ ቀኑ ሲቆረጥለት ስልክ ላይ የሳቀውን ሳቅ ሰምቼዋለሁ። ልጁን የጣለው አንድ መኪና የሚነዳ ሰው ማጣቱ ነው።

በሁለተኛው ቀን የወሰደው አብሮት ኪችን የሚሰራ ኤልሳልቫዶራዊ ነው፣ የቀን ደሞዙን ትቶ፣ እንግሊዝኛው እንኳን ብዙም ሳይሆን። ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ላይ ይዞት መጣ፣ ቦርሳውን ተሸክሞለት።

ያን ቀን ምሳ ሰዓት አካባቢ ሴኩሪቲው መጥቶ ፓርኪንግ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ከጠዋት ጀምሮ መኪና ውስጥ ተቀምጣለች፣ ያንቺ አገር ሰው ትመስላለች አለኝ። ወጣሁ። ነጠላ ተከናንባ፣ እግሯ ስር ፔርሙዝ አስቀምጣ፣ ከጎኗ በላስቲክ የተቋጠረ ነገር አለ። መስታወቱን ዝቅ አደረገች። የልጁ እናት ናት፣ ታናሽ እህቱ ናት ቀኑን የነገረቻት። "ይግቡ እንጂ እናቴ፣ ብርድ ነው" አልኳት፣ አይ አለች፣ "አባቱ አያውቅም፣ ገብቼስ ምን እላለሁ" አለች። ከዛ እጇን በመስኮት አውጥታ እጄን ያዘችና "እህቴ፣ ልጄ ነቃ?" አለችኝ።

አማርኛ ለምታውቁ ይሄን ማብራራት የለብኝም። "ነቃች" አላለችም። ሁለት አመት ሙሉ ስልክ ላይ "አንቺ" ስትለው የኖረች እናት ናት። ሆን ብላ ይሁን፣ ከጭንቀት የተነሳ አምልጧት ይሁን፣ ወይ ደሞ ልጄ ካለች በኋላ አፏ የተመራበት ይሁን አላውቅም፣ አልጠየቅኳትም። ስለ ታካሚ ያለ ፈቃዱ መናገር ስለማልችል ተመልሼ ገባሁ፣ ልጁ ገና ከማደንዘዣው እየነቃ ነበር፣ እናትህ ውጪ ናት፣ ምን ልበላት አልኩት። አይኑን ጨፍኖ ቆየና "ነቅቷል በያት" አለኝ። ወጥቼ እንደዛው አልኳት። ፔርሙዙን ሰጠችኝ፣ አጃ ነው፣ አብሽ አለበት፣ ላስቲኩ ውስጥ ዳቦ ነበረ ገና ለብ ያለ።

ብዙ ወላጆች "እንዴት ብዬ ልጥራው፣ አፌ አይለምድም" ይሉኛል። ይገባኛል፣ የኛ ቋንቋ ከእንግሊዝኛ ይከብዳል፣ ግሱ ሁሉ ወንድ ወይ ሴት በል ይልሃል፣ ና ማለትና ነይ ማለት አለ፣ መሸሻ የለውም። ግን እኛ እኮ ወንዱን ልጅ ስናቆላምጥ "አንቺ፣ ነይ የኔ ቆንጆ" የምንል፣ ሴቷን ልጅ "አንተ፣ የኔ ጀግና" ብለን የምንጠራ ሰዎች ነን፣ ለፍቅር ስንል ሰዋስው ገልብጠን ኖረናል፣ ማንም ነውር ነው ብሎን አያውቅም። አንድ እናት ደሞ ያገኘችው ዘዴ አለ፣ ለጊዜው "እርስዎ" እያለች ታወራዋለች፣ መጀመሪያ እንደ ቀልድ ነበር፣ አሁን ቤቱ ውስጥ ለምዷል፣ ልጁ በአክብሮት ተጠርቼ አላውቅም ነበር ብሎ ነገረኝ።

ጸበል የወሰዱ ወላጆችንም አውቃለሁ፣ አልፈርድም፣ እኔም የማርያም ልጅ ነኝ፣ ሰንበት አልቀርም። ከንስሐ አባቴ ጋር በዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ተነጋግረናል፣ አልተግባባንም፣ ምናልባትም አንግባባም። አንድ ነገር ላይ ግን ተስማምተናል፣ የተኛ ሰው ይጠየቃል፣ ለምን ተኛህ ተብሎ ሳይሆን ተኝቷልና። እኛ በዚህ ማን ይበልጠናል? አንድ ሀበሻ ሆስፒታል ሲገባ ሁለት ጠያቂ ብቻ ሲባል አስራ ሁለት ሆነን ኮሪደሩን የምንሞላ፣ አስታማሚ ተራ የምናወጣ፣ ያልወለድነውን የምናስታምም ሰዎች ነን። የደረት ቀዶ ጥገና ያደረገ ሰው ሳምንት ያህል ፈሳሽ የሚያወጣ ቱቦ ከጎኑ ይንጠለጠላል፣ ለሳምንታት ክንዱን ከፍ ማድረግ አይችልም፣ ጸጉሩን መታጠብ አይችልም፣ ከላይ ካቢኔት ላይ ብርጭቆ ማውረድ አይችልም። ይሄ ልጅ ጸጉሩን ያጠበለት ያ ኤልሳልቫዶራዊ ነው፣ ኪችን ሲንክ ላይ፣ በዲሽ ሶፕ።

ፖለቲካው እየከረረ ነው፣ በ2025 ጃንዋሪ ከዋይት ሀውስ ስለዚህ ህክምና የወጣው ትዕዛዝ ከ19 አመት በታች ያሉትን የሚመለከት ቢሆንም የኔ አዋቂ ታካሚዎችም በየቀኑ እየደወሉ "ቀኔ ይሰረዛል?" ይሉኛል፣ ገና ሳይሰረዝ እንቅልፍ አጥተዋል። እኔ ያንን ማቆም አልችልም፣ እናንተም አትችሉም ይሆናል። መኪና ግን አላችሁ።

ስለዚህ አዘጋጁን ሁለት ነገር እለምናለሁ። አንደኛ፣ እንደ ባለፈው አይነት ደብዳቤ ስታወጡ ከስሩ አንድ መስመር ጨምሩ፣ ራሱን ስለማጥፋት የሚያስብ ሰው በማንኛውም ሰዓት 988 ላይ መደወል ይችላል፣ በአማርኛ አስተርጓሚ መጠየቅ ይቻላል። ጋዜጣችሁን የሚያነበው አባት ብቻ አይደለም፣ ሬስቶራንቱ ጠረጴዛ ላይ ሲያጸዳ የሚያገኘው ልጅም ያነበዋል፣ ያንን ደብዳቤም ያነበበው እንደዛ ነው፣ ፎቶ አንስቶ የላከልኝ እሱ ነው። ሁለተኛ፣ ይሄ ደብዳቤ ከወጣ በኋላ "እኔ እወስዳለሁ፣ አንድ ሌሊትም አድራለሁ" የሚል አንባቢ ቢገኝ ስሙን ለናንተ ይተው፣ የታካሚ ስም ሳይነገር በሶሻል ወርከሮቻችን በኩል እናገናኛለን፣ ሆስፒታል የሚጠበቀው ፈረቃ ጠዋት አስራ ሁለት ሰዓት ይጀምራል፣ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ላይ ያልቃል፣ ፓርኪንግ ነጻ ነው። በሚቀጥለው ወር ሁለት የኛ ልጆች ቀን ተቆርጦላቸዋል። አንደኛዋን እህቷ መጥታ ትወስዳታለች። አንደኛው እስካሁን ማንም የለውም።

ከአክብሮት ጋር፣
ነርስ፣ ሜሪላንድ
(ስሜና ስልኬ ለአዘጋጁ ተሰጥቷል)